የድንጋይ ጠራቢው ትምህርት ቤት
የሂው ሚለር የሕይወት ታሪክ

ስለ ትምህርት በተነገረ ቁጥር በሰው አሳብ ፈጥኖ የሚመጣው ቤቱ፣ ጥቁር ሰሌዳው፣ ወንበሩና መጽሐፉ ነው። ዳሩ ግን ትምህርት ከእነዚህ ሁሉ የቀደመ ነገር ነው። ሕፃን ከትምህርት ቤት ደጅ ከመድረሱ በፊት ከእናቱ ጉልበት ሥር፣ ከአያቱ ተረት፣ ከወንዙና ከመስኩ ሲማር ይቆያል፤ ከትምህርት ቤት ከወጣም በኋላ ሥራውና መከራው ያስተምሩታል። መምህር የሆነ ሰው ይህን ዘንግቶ እውቀት ሁሉ ከእርሱ ጠመኔ ብቻ የሚወጣ የመሰለው እንደ ሆነ፣ ከፊቱ ከተቀመጡት ልጆች መካከል ማን እንዳለ ሳያውቅ ይቀራል።

በስኮትላንድ አገር በሰሜን ምሥራቅ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በክሮማርቲ ከተማ ተወልዶ ያደገው የሂው ሚለር ታሪክ ይህን ነገር ገልጦ ያሳያል። ይህ ሰው ከመምህሩ ጋር ተጣልቶ ትምህርቱን ጥሎ የወጣ፣ ከዚያም ብዙ ዓመታት በድንጋይ ጠራቢነት የኖረ፣ በመጨረሻም በዘመኑ ከታወቁት ጸሐፊዎችና የምድርን አፈጣጠር ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ለመሆን የበቃ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ክሮማርቲ ትንሽ ከተማ ናት። ብላክ አይል በሚባለው ልሳነ ምድር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከፊቷም ወደ የብስ ዘልቆ የገባ ጥልቅ የባሕር ክንድ ተዘርግቶ ይታያል። የዚህ ባሕር መግቢያ ሱተርስ የሚባሉ ሁለት ከፍተኛ ገደሎች ግራና ቀኝ እንደ በር ዘበኛ ቆመው የሚጠብቁት ስለ ሆነ፣ በሰሜን ባሕር ማዕበል በተነሣ ጊዜ መርከቦች ሸሽተው የሚጠለሉት በዚያ ነበር። በ1772 ዓ.ም. ጆርጅ ሮስ የሚባል ባለጸጋ የአካባቢውን ርስት ገዝቶ ለከተማዋ የፍርድ ቤት ሕንጻ፣ የመርከብ ማቆሚያ ወደብና የቃጫ ፋብሪካ አሠራላት። ከደጋው አገር ወርደው በፋብሪካው ይሠሩ ለነበሩት፣ የጌሊክ ቋንቋ ለሚናገሩት ሰዎችም በኮረብታው ላይ የጸሎት ቤት ተሠራላቸው። ከወደቡም ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ በጨው ታሽጎ ወደ ሩቅ አገር ይጫን ነበር። የሚለር ልጅነት ያለፈው በእነዚህ የድንጋይ ሥራዎች መካከል፣ በባሕር ሰዎችና በዓሣ አጥማጆች ጎረቤትነት ነው።

ሂው ሚለር ኦክቶበር 10 ቀን 1802 ዓ.ም. በቸርች መንገድ ላይ በምትገኝ የሣር ክዳን ባላት ዝቅተኛ ቤት ተወለደ። ቤቲቱን የሠራት ቅድመ አያቱ ጆን ፊደስ ነው፤ እርሱም ገንዘቡን በባሕር ወንበዴነት እንዳገኘ በከተማው ይወራ ነበር። የሂው አባት ደግሞ የራሱ መርከብ የነበረው ደፋር የባሕር ሰው ነበረ፤ ከአሮጌዋ ቤት አጠገብም አንድ ሰፊ አዲስ ቤት አሠርቶ ነበር። ነገር ግን በ1807 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር መርከቡ በማዕበል ተመትታ ከነሰዎቿ ጠፋች። ልጁ ያን ጊዜ ገና አምስት ዓመቱ ነበረ። በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት ነፋስ የከፈተውን በር ዝጋ ተብሎ ሲሄድ፣ ከክንዱ የተቈረጠ እጅ ወደ እርሱ ተዘርግቶ እንዳየ ካደገ በኋላ ጽፎታል። እናቱ ሃሪየት በወጣትነቷ ባሏን አጥታ ልጆቿን በመርፌ ሥራ አሳደገች፤ የምትሰፋውም ብዙ ጊዜ የሙታን መግነዝ ነበረ። ሌሊት በመብራት ዳር ተቀምጣ መግነዝ እየሰፋች ስለ ሙታንና ስለ መናፍስት የምትነግረው ታሪክ በልጁ ልብ ውስጥ ጠልቆ ቀረ። ይህ የልጅነት ፍርሃት በመጨረሻ ዘመኑ ተመልሶ እንደሚመጣበት ማንም አላወቀም።

አባቱን ያጣው ልጅ ግን ሁለት አባቶች አገኘ፤ እነርሱም የእናቱ ወንድሞች ጄምስና አሌክሳንደር ነበሩ። ጄምስ የፈረስ ዕቃ ሰፊ ነበረ፤ በሥራው ላይ ጎንበስ ብሎ ሳለ ሌላ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እንዲያነብለት የሚያደርግ፣ የአገሩን የጥንት ታሪክና የአረጋውያንን ወግ አጥብቆ የሚያውቅ ሰው ነበረ። ሳንዲ እየተባለ የሚጠራው አሌክሳንደር ደግሞ አናጢ ነበረ። በወጣትነቱ በጦር መርከብ አገልግሎ ብዙ አገር አይቶ የተመለሰ ሲሆን፣ ከሥራ በኋላ ወደ ባሕር ዳር መውረድ ልማዱ ነበረ። ባሕሩ በሸሸ ጊዜ ሕፃኑን ይዞ በተገለጠው አሸዋና አለት ላይ እየተራመደ የሸርጣኑን፣ የቀንድ አውጣውንና የባሕሩን ሣር ልዩ ልዩ ጠባይ ያሳየው ነበር። ሁለቱም ከፍተኛ ትምህርት የተማሩ ሰዎች አልነበሩም። ሁለቱም ግን ለሚያዩት ነገር ሁሉ ምክንያቱን የሚጠይቁ፣ ልጅም ሲጠይቅ የማይቈጡ ሰዎች ነበሩ።

ሂው ፊደል የቈጠረው በአንዲት አሮጊት ቤት ነው። በዚያ ዘመን በስኮትላንድ ትናንሽ ልጆች በአካባቢያቸው ካሉት ባልቴቶች ዘንድ ጥቂት ክፍያ እየከፈሉ ፊደልና ንባብ ይማሩ ነበር፤ ይህም በእኛ አገር በየኔታ ዛፍ ሥር ከሚደረገው ትምህርት ብዙም የራቀ አይደለም። ሕፃኑ በመጀመሪያ ፊደሉንም ቃሉንም ያለ ትርጕም ይደግም ነበር። አንድ ቀን ግን የዮሴፍን ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብ፣ ንባብ ማለት ከመጽሐፍ ውስጥ ታሪክ ማውጣት መሆኑን በድንገት ተረዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ የሚያነብ ልጅ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ወደ አጥቢያው ትምህርት ቤት ገባ። የትምህርት ቤቱ መስኮቶች ወደ ወደቡ የሚያሳዩ ስለ ነበሩ፣ መርከብ በገባ ቍጥር የልጆቹ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ይሄድ ነበር፤ የየመርከቡንም ዓይነትና ሸራ ከላቲን ሰዋስው ይበልጥ አጥርተው ያውቁ ነበር። በዓመት አንድ ቀንም በትምህርት ቤቱ ውስጥ አውራ ዶሮዎች ይዋጉ ነበር፤ እያንዳንዱም ልጅ ለዚህ በዓል ለመምህሩ ገንዘብ ይከፍል ነበር። ሚለር ግን የዶሮዎቹን ደም ማየት ስለሚያስጨንቀው የሚያዋጋ ዶሮ ይዞ አይመጣም ነበር። መምህሩ ቅን ሰውና ላቲንም ጠንቅቆ የሚያውቅ ነበረ። ሂው ወደ ላቲን ክፍል በገባ ጊዜ ከፍ ያለ ደረጃ ይደርሳል ብሎ ተስፋ አድርጎበት ነበር። ነገር ግን የሰዋስው ሕግ ለልጁ ትርጕም የሌለው ጫጫታ ሆነበት። መምህሩ በሌላ ሥራ ሲጠመድ ሂው በአጠገቡ ለተቀመጡት ልጆች ካነበባቸው መጻሕፍት ታሪክ ይነግር ጀመር፤ ያነበበው ባለቀበት ጊዜም ከራሱ እየፈጠረ ይቀጥል ነበር። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አስተማሪዎች ነበሩ ማለት ነው፤ ትልቁ ግን ስለ ትንሹ አያውቅም ነበር።

የሂው እውነተኛ ክፍል ግን የባሕሩ ዳርቻ ነበረ። አንድ ቀን ከአንድ ጓደኛው ጋር ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ በደቡባዊው ሱተር ገደል ሥር ወዳሉት ዋሻዎች ገባ። በዋሻው ጣሪያ ላይ ውኃ እየተንጠባጠበ የሠራውን የድንጋይ ጌጥ ሲያደንቁ ባሕሩ ተመልሶ መንገዱን ዘጋባቸው፤ በገደሉም ላይ ለመውጣት ቢሞክሩ አልቻሉም። ሌሊቱ በረደባቸው፤ በከተማውም ሞተዋል ተብሎ ተለቀሰላቸው። በእኩለ ሌሊት ግን የዓሣ አጥማጆች ታንኳ ደርሳ አዳነቻቸው። ልጁም ከዚህ አደጋ ከተረፈ በኋላ ያደረገው ነገር ቢኖር ያየውን በግጥም መጻፍ ነበረ።

ከትምህርት ቤት የወጣበት ምክንያት ለመምህራን ሁሉ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በመጨረሻ በተማረበት ክፍል አንድ ቃል በአፍ እንዲጽፍ ታዘዘ። ልጁ በአሮጊቲቱ ዘንድ እንደ ለመደው ሳያቋርጥ ፊደሎቹን ጠራ፤ መምህሩ ግን ቃሉ እየተከፋፈለ እንዲጠራ ይፈልግ ነበር። ልጁ የተፈለገበትን ነገር አልተረዳም፤ መምህሩም እንቢተኛ መሰለውና መታው። ያን ጊዜ ሁለቱ ተያያዙ፤ በወንበሮቹም መካከል ሲታገሉ ቈይተው በመጨረሻ መምህሩ አሸነፈ፤ ልጁም ክፉኛ ተደበደበ። ተነሥቶ ቆቡን ከተሰቀለበት አውርዶ ወጣ፤ ወደ ትምህርት ቤትም አልተመለሰም። የበቀል መንገዱም መምህሩን የሚነቅፍ ግጥም ጽፎ በፖስታ መስደድ ነበረ። ከሁለቱ ማን ይበልጥ እንዳጠፋ መመዘን አያስፈልግም። በአንድ ቃል አጠራር ምክንያት አገሩ ካፈራቻቸው ታላላቅ አንባቢዎች አንዱ ከትምህርት ቤት ውጭ መቅረቱን ማስታወስ ይበቃል።

አጎቶቹ ገንዘብ አጠራቅመው ወደ ከፍተኛ ትምህርት ሊሰዱትና የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሆን ሊያደርጉት አስበው ነበር። ሂው ግን ለዚህ ሥራ የተጠራሁ አይደለሁም ብሎ እምቢ አለ፤ እነርሱም አዝነው ሳለ፣ ሳይጠሩ ካህን ከመሆን ድንጋይ ጠራቢ መሆን ይሻላል ብለው ተስማሙ። የድንጋይ ጠራቢነትን ሥራ የመረጠውም በምክንያት ነው። በዚያ አገር ክረምት በረዶው ስለሚጸና የግንብ ሥራ ይቆማል፤ ስለዚህ ድንጋይ ጠራቢ የሆነ ሰው ክረምቱን በሙሉ ለማንበብና ለመጻፍ ጊዜ አለው ብሎ አሰበ። በ1820 ዓ.ም. የአክስቱ ባል ለነበረው ድንጋይ ጠራቢ ለሦስት ዓመት ተለማማጅ ሆኖ ገባ።

የመጀመሪያውን የሥራ ቀን እያዘነ ነበር የጀመረው። ወጣቱ ቀጭንና ለከባድ ሥራ ያልለመደ ነበረ፤ እጁም በመዶሻው ቈሰለ። ነገር ግን አለቱ በባሩድ ተሰንጥቆ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በተነሣ ጊዜ፣ በላዩ ላይ ባሕር በሸሸ ሰዓት በአሸዋ ላይ የሚታየው የማዕበል ሽብሽብ አንዱም ሳይጎድል ታትሞ ተገኘ። ሂው ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ ከአጎቱ ከሳንዲ ጋር በባሕር ዳር ሺህ ጊዜ ረግጦታል። በደረቅ ኮረብታ ውስጥ፣ ከብዙ የአፈርና የድንጋይ ድርብርብ በታች፣ የአሸዋው ሽብሽብ ከየት መጣ? ድንጋዩ አንድ ጊዜ አሸዋ፣ ስፍራውም አንድ ጊዜ ባሕር ኖሯል ማለት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ካባው ለእርሱ የእስር ቤት ሳይሆን የመጻሕፍት ቤት ሆነ።

የድንጋይ ጠራቢዎች ኑሮ ግን መራራ ነበረ። ሥራ ወዳለበት እየዞሩ በጎተራና በጋጥ ውስጥ ያድሩ ነበር፤ ምግባቸውም የአጃ ገንፎ ነበረ። ሚለር ይህን ኑሮ አይቶ እንዳላየ አላለፈውም። ሰው እንደ ከብት በተያዘበት ስፍራ ጠባዩም እንደሚበላሽ በኋላ አጥብቆ ጽፏል። በ1824 ዓ.ም. ወደ ኤድንብራ ሄዶ በከተማይቱ አጠገብ በኒድሪ በትልቅ ቤት ሥራ ተቀጠረ። በዚያም ከሚጠረበው ድንጋይ የሚወጣው ደቃቅ ትቢያ ወደ ሳንባው ገብቶ ታመመ። በዚያ አገር ከነበሩት ድንጋይ ጠራቢዎች ብዙዎቹ በዚህ በሽታ በጎልማሳነታቸው ይሞቱ ነበር። ሚለር ወደ ክሮማርቲ ተመልሶ ቀስ በቀስ አገገመ፤ ሳንባው ግን ዕድሜውን ሙሉ ደካማ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ቀለል ያለ ሥራ መርጦ በመቃብር ድንጋይ ላይ ጽሕፈት መቅረጽ ጀመረ። በ1829 ዓ.ም. ግጥሞቹን ሰብስቦ በኢንቨርነስ አሳተመ። መጽሐፉ ብዙ ገዢ አላገኘም፤ እርሱ ራሱም ግጥሙን በታተመ ፊደል ባየው ጊዜ ታላቅ ገጣሚ አለመሆኑን ተረዳ። በዚያው ዓመት ግን ስለ ሄሪንግ ዓሣ አጥማጆች ለጋዜጣ የጻፋቸው ደብዳቤዎች እጅግ ተወደዱለት፤ ስለዚህ ፊቱን ከግጥም ወደ ዝርው ጽሕፈት መለሰ። ራሱን መርምሮ ድካሙን ያወቀና ጉልበቱን ወዳለበት ያዞረ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በዚህ ጊዜ ሊዲያ ፍሬዘር የምትባል የተማረች ልጃገረድ ወደ ክሮማርቲ መጥታ ለጥቂት ልጆች ታስተምር ነበር። ሁለቱም ተዋደዱ፤ እናቷ ግን ልጇን ለድንጋይ ጠራቢ መዳር አልወደደችም። ነገሩ የተቃናው ሚለር በከተማው በተከፈተው የባንክ ቅርንጫፍ ሒሳብ ያዥ ሆኖ በተቀጠረ ጊዜ ነው። የባንክ ሥራውን በሊንሊትጎ ተማረ፤ በ1835 ዓ.ም. የአገሩን ወግና ተረት የሰበሰበበትን መጽሐፍ አሳተመ፤ በጃንዋሪ 7 ቀን 1837 ዓ.ም. ተጋቡ። መኖሪያቸውም አባቱ ያሠራው ሰፊው ቤት ሆነ። ሊዲያ ራሷም በብዕር ስም ለልጆች መጻሕፍት የጻፈች ናት። የመጀመሪያዋ ልጃቸው ኤላይዛ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሞተች። አባቷ ካስቀመጠው ስፍራ መሮውንና መዶሻውን አውጥቶ የመቃብሯን ድንጋይ በገዛ እጁ ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ሌላ ድንጋይ አልጠረበም። ያ ድንጋይ እስከ ዛሬ ከከተማይቱ በላይ ባለው በቅዱስ ሬጉለስ መካነ መቃብር ቆሞ ይታያል።

የዕረፍት ሰዓቱን ሚለር በባሕር ዳር ያሳልፍ ነበር። ከ1830 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በከተማው አጠገብ በዳርቻው ላይ የሚገኙትን ድቡልቡል ድንጋዮች በመዶሻ እየሰበረ ሲመረምር፣ በውስጣቸው የዓሣ ቅሪት አገኘ። ዓሦቹ ዛሬ በባሕር ከሚገኙት የተለዩ ነበሩ፤ ጥሩር እንደ ለበሰ ወታደር በአጥንት ሰሌዳ የተሸፈኑ፣ ከእነርሱም አንዱ በግራና በቀኝ ክንፍ መሰል ክንድ ያለው ነበረ። በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት የስኮትላንድ ቀይ አሸዋ ድንጋይ የፍጡር ቅሪት የሌለበት ባዶ ድንጋይ ነው ይሉ ነበር። ሚለር ያገኛቸውን ዓሦች በጥንቃቄ ሥሎ፣ መግለጫ ጽፎ፣ በወዳጆቹ በኩል ለሊቃውንቱ ላከ። በ1840 ዓ.ም. በግላስጎ በተደረገው የሊቃውንት ጉባኤ ላይ የስዊስ አገር ሰው የሆነው የዓሣ ቅሪት መርማሪ ሉዊ አጋሲ ክንፍ ያለውን ዓሣ በሚለር ስም ሰየመው። ዛሬ በሚደረገው ምርመራ ዓሣው የኖረበት ዘመን ወደ 380 ሚሊዮን ዓመት ግድም እንደሚሆን ይገመታል። የድንጋይ ጠራቢው ስም በዚህ ሁሉ ዘመን ላይ ታተመ።

በዚያው ዓመት የሚለር ኑሮ በሌላ ምክንያት ተለወጠ። በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለየአጥቢያው ካህን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ባለርስቱ ነበረ፤ ምእመናኑ ያልፈለጉት ሰው በላያቸው ሲሾምባቸው ክርክር ተነሣ። በ1839 ዓ.ም. የእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት ለባለርስቶቹ በፈረደ ጊዜ፣ ሚለር ለሎርድ ብሩም የግልጽ ደብዳቤ ጽፎ የሕዝቡን መብት ተከራከረለት። ደብዳቤውን ያነበቡት የሕዝቡ ወገን መሪዎች ወደ ኤድንብራ ጠርተው ምስክር የሚል ስም የተሰጠውን አዲስ ጋዜጣቸውን እንዲመራ ሾሙት። ጋዜጣው በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚወጣ ሲሆን፣ ሚለር ከ1840 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ ሲመራው ኖረ። በ1843 ዓ.ም. ከ450 የሚበልጡ ካህናት ደመወዛቸውንና ቤታቸውን ትተው ወጡና ነጻ ቤተ ክርስቲያን አቆሙ፤ እነርሱን የተከተሉ ብዙ የአጥቢያ መምህራንም ከሥራቸው ተባረሩ። ሕዝቡን ለዚህ ቀን ካዘጋጁት አንዱ የሚለር ብዕር ነበረ።

ብዕሩ ግን ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ብቻ የቆመ አልነበረም። በሰዘርላንድ አውራጃ ባለርስቶች ለበግ እርባታ ሲሉ ገበሬዎችን ከአባቶቻቸው መሬት ነቅለው ባባረሩ ጊዜ ይህን ግፍ በይፋ ነቀፈ፤ በልጅነቱ በዚያ አገር ዘመዶቹን ሲጠይቅ ያያቸውን ሰፈሮች በኋላ ባዶ ሆነው አግኝቷቸው ነበርና። ስለ ትምህርትም ከራሱ ወገን መሪዎች ጋር ተከራከረ። እነርሱ እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን የራሱን ትምህርት ቤት እንዲያቆም ሲፈልጉ፣ እርሱ ግን የአገሩ ልጆች ሁሉ በአንድነት የሚማሩበት የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም በ1850 ዓ.ም. ጻፈ። ከትምህርት ቤት ተደብድቦ የወጣው ልጅ ለትምህርት ቤት ጠበቃ ሆነ። በስኮትላንድ ለልጆች ሁሉ ትምህርት ግዴታ የሆነው እርሱ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1872 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ነው።

በ1841 ዓ.ም. ስለ ቀዩ አሸዋ ድንጋይ የጻፈው መጽሐፍ ታትሞ በብዙ አገር ተነበበ። መጽሐፉ የተወደደው የሊቃውንትን ከባድ ነገር ማንም የእጅ ሠራተኛ ሊረዳው በሚችል ንጹሕ ቋንቋ ስላቀረበው ነው። ሚለር ጽኑ ክርስቲያን ነበረ፤ ይሁን እንጂ ምድር ጥቂት ሺህ ዓመት ብቻ አላት የሚሉትን ሰዎች አጥብቆ ተቃወመ። ድንጋዩም መጽሐፉም የአንድ ፈጣሪ ሥራ ከሆኑ ሊጣሉ አይገባም፤ የፍጥረት ቀናትም ረጃጅም ዘመናት ናቸው ይል ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ አንዱ ዓይነት ፍጡር ከሌላው ተለውጦ መጣ የሚለውን አሳብ አልተቀበለም፤ በ1849 ዓ.ም. ይህን የሚቃወም መጽሐፍ ጽፏል። በዚህ ነገር ከእርሱ በኋላ የመጣው ምርመራ አልደገፈውም፤ ዳርዊንም መጽሐፉን ያሳተመው ሚለር በሞተ በሦስተኛው ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ሚለር የሰበሰባቸው ዓሦች እርሱ ለተሳሳተበትም ጥያቄ ዛሬ ማስረጃ ሆነው ያገለግላሉ። ሰው በአሳቡ ቢሳሳት እንኳ ያየውን በታማኝነት ከመዘገበ ሥራው አይጠፋም።

በ1854 ዓ.ም. ስለ ራሱ ሕይወት የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ፤ ስሙንም ትምህርት ቤቶቼና መምህሮቼ አለው። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች መካከል ካባው፣ ባሕር ዳሩ፣ የሠራተኞቹ ጎተራና የአጎቶቹ መሥሪያ ቤት ይገኙበታል። መጽሐፉን የጻፈው በተለይ ለወጣት ሠራተኞች ሲሆን፣ ሊማር የሚወድ ሰው በየትም ስፍራ ትምህርት ቤት እንደሚያገኝ ሊያሳያቸው ነው። ዳሩ ግን ትምህርትን ጥሎ መውጣትን እንደ ጀግንነት አላወራላቸውም። የተሰጠውን ዕድል በልጅነቱ ማባከኑ ከባድ ኪሣራ እንደ ነበረ አምኖ ጽፏል።

ስሙ ከፍ እያለ ሲሄድ ጤናው እየደከመ ሄደ። በኤድንብራም ሲኖር እንደ ድንጋይ ጠራቢነቱ ዘመን ግራጫ የሱፍ ኩታውን ደርቦ በጎዳና ይሄድ ነበር፤ ከሰው ጋርም ብዙ መቀመጥ አይወድም ነበር። የጋዜጣው ክርክር፣ የሳንባው ሕመምና ሌሊት የሚጽፈው ጽሕፈት አደከሙት። በ1856 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ራሱን እጅግ ያመው ጀመር፤ በእንቅልፉም አስፈሪ ሕልም እየመጣበት አእምሮው የሚጠፋ መሰለው። ስለ ድንጋዮች ምስክርነት የጻፈውን የመጨረሻ መጽሐፉን እርማት ከጨረሰ በኋላ፣ ዲሴምበር 24 ቀን 1856 ዓ.ም. ሌሊት በባሕር ዳር በፖርቶቤሎ በነበረው ቤቱ በገዛ እጁ ሞተ። ለሚስቱም ትቶላት የሄደው ጥቂት የስንብት ቃል ብቻ ነበረ። ዕድሜው 54 ዓመት ነበረ። የከተማው ሕዝብ በሐኪሞች ምስክርነት የሆነው ሁሉ በሕመም እንደ ሆነ ተረድቶ፣ ሳይፈርድበት በብዛት ወጥቶ በግሬንጅ መካነ መቃብር ቀበረው። ሊዲያም ያልታተሙትን ጽሑፎቹን ሰብስባ አንድ በአንድ አሳተመችለት፤ እርሷም በ1876 ዓ.ም. ዐረፈች።

ክሮማርቲ ልጇን አልረሳችም። በ1859 ዓ.ም. ከከተማው በላይ ባለው ከፍታ ላይ ከፍ ያለ የድንጋይ ዓምድ ተተከለ፤ በጫፉም አሌክሳንደር ሃንዲሳይድ ሪቺ የሠራው የሚለር ምስል ቆሟል። የተወለደባት የሣር ክዳን ቤት በ1938 ዓ.ም. የአገሩን ቅርስ ለሚጠብቀው ለስኮትላንድ ብሔራዊ ማኅበር ተሰጥታ እስከ ዛሬ በጥንት መልኳ ትጠበቃለች፤ አጠገቧ ያለውም አባቱ ያሠራው ቤት በ2004 ዓ.ም. ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፍቷል። የጆርጅ ሮስ የፍርድ ቤት ሕንጻም እንዲሁ ቤተ መዘክር ሆኗል። የጌሊክ ተናጋሪዎቹ የጸሎት ቤት ግን ግድግዳው ብቻ ቀርቷል። ከ6,000 የሚበልጡት የሰበሰባቸው ቅሪቶች በኤድንብራ በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ወደ ክሮማርቲ የሚሄድ ሰው በአንድ ጠዋት የእግር ጕዞ የተወለደበትን ቤት፣ ለልጁ የቀረጸውን ድንጋይና ዓሦቹን ያገኘበትን ዳርቻ ለማየት ይችላል። የሰው ሕይወት ከነትምህርት ቤቶቹ እንዲህ ተሰብስቦ የሚታይባቸው ከተማዎች ብዙ አይደሉም።

የሚለር ሕይወት ለመምህር የሚያስተምረው ነገር ቀላል አይደለም። ትምህርት ቤት አያስፈልግም አይልም፤ ሚለር ራሱ እንዲህ አላለም። የሚለው ነገር ቢኖር ልጅ ወደ ክፍል ሲገባ ባዶ እጁን እንደማይገባ ነው። እረኛው የከብቱን ጠባይ፣ የሸማኔው ልጅ የጥጡን ቍጥር፣ የወንዝ ዳሩ ልጅ የጠጠሩን መልክ ይዞ ይመጣል። የክሮማርቲ መምህር ያልተመለከተው ከኋላው ተቀምጦ ታሪክ ይናገር የነበረውን ልጅ ነበረ። አጎቱ ሳንዲ ግን ላቲን ሳያውቅ፣ ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት የሕፃኑን እጅ ይዞ ወደ ዳርቻው ይወርድ ነበር። በካባው ውስጥ የአሸዋው ሽብሽብ በተገለጠ ጊዜ ወጣቱ ያነበበው በዚያ የተማረውን ፊደል ነው።